በቢጫ ናስትሮ የተጠቀለለው ሽቦ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ትላለህ? የእናታችን ዓይን እንዴት ሆነ? ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊ ብትላት እንደማትሰማህ አውቃለሁ፤ አንተ ግን አትታክት። ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ምክንያቱን ልጽፍልህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብዕር እያነሳሁ ስጥል ነበር።

ነገሩ ከአንዲት መኪና ይጀምራል። የአንዲት የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት የተጣበቀች የስፖርት መኪና። ለመግባት ጋደም ማለት ነው የሚቀርህ። ስትነዳ ድንገት የዳሽቦርዱ መብራት ድርግም ይልና ሞተሩ ይጠፋል። ትንሽ ቆማ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። እኛ ጋ ስትመጣ ደግሞ ጨዋ ናት፤ ግማሽ ቀን አስነስተን ብንጠብቃት አንዴም አትጠፋም። መጀመሪያ ባትሪ ቀየርን፤ በሳምንቷ ተመለሰች። ዲናሞዋን አውርደን አየን፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ፈተሽን፤ ሁሉም ደህና ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ተጎትታ ነው። ሐኪሟ ልጇን ይዛ ስትሄድ መታጠፊያ ላይ ጠፍታባት፣ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ለጥቂት ነው የሳታቸው።

ጋሽ ፊውዝን መቼም አልረሳሃቸውም። አብራችሁ ስትሠሩ፣ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ቱግ ስለሚሉ ስሙን ያወጣህላቸው አንተው ነህ። እዚህ ጋራዥ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ “የወንድሙ እጅ አለው” ብለው ዋስ ሆኑልኝ። እዚህ እያንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን የራሱ ቀለም ያለው ናስትሮ አለው። ሽቦ የቀጠለ ሰው በራሱ ቀለም ይጠቀልላል፤ ነገ ቢበላሽ የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቃል። የእኔ ሰማያዊ ነው፣ የእሳቸው ቢጫ። በዚያች መኪና መቀመጫ ሥር አንድ በቢጫ የተጠቀለለ ሽቦ ነበር። በመጣች ቁጥር አይተነዋል፤ ማንም ግን አልከፈተውም። ጋሽ ፊውዝ የጠቀለሉትን ማን ይጠረጥራል? እሳቸውም ድሮ የሠሩት መስሏቸው ነበር።

በመጨረሻ ራሳቸው በምላጭ ቀደዱት። ሽቦው ላልቶ ጠቁሯል፤ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። እኔን ያደረቀኝ ግን ጥምዝማዙ ወደ ግራ መሆኑ ነው። አንተ ግራኝ ነህ፤ እኔ ቀኝ ሆኜም የአንተን እጅ እያየሁ ስለተማርኩ እስከ ዛሬ ወደ ግራ ነው የምጠመዝዘው። በጋራዡ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ያኔ ትዝ አለኝ። መኪናዋ አምና ለፍሬን ሥራ መጥታ ሽቦው ተበልቶ አገኘሁት። ሰማያዊው አልቆብኝ ነበርና ከእሳቸው መሳቢያ ቢጫውን ወስጄ፣ ሳልበይደው፣ በጥድፊያ ጠቀለልኩት። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ በዚያው ረሳሁት።

ጋሽ ፊውዝም ጥምዝማዙን አይተዋል። ቀና ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከቱኝ። የጋራዡ ባለቤት መጥቶ የማን ሥራ ነው ብሎ ጮኸ። እሳቸው “ቢጫው የኔ አይደል እንዴ?” አሉ። ባለቤቱ ዓይንዎ ደክሟል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይረፉ አላቸው። እኔ ያን ጊዜ ጨርቅ ይዤ መፍቻ እጠርግ ነበር። ወንድምዓለም፣ መፍቻው ንጹሕ ነበር።

ዕቃቸውን ተሸክሜ ስሸኛቸው እንኳ አልተናገርኩም። በሩ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ “ወንድምህን ሳገኘው ጎበዝ ወጥቶታል እለዋለሁ” አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ትናንት አላስችል ብሎኝ ለባለቤቱ እውነቱን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ እዚያው ቆሞ ስልክ ደወለላቸው። ግን ስልካቸው አይሠራም፤ ቤታቸው ብሄድ ወደ አገር ቤት ተሳፍረው ሄደዋል አሉኝ። እኔን ምን እንደሚያደርገኝ ገና አልወሰነም፤ ቢያባርረኝም አልከራከርም። አርባ ዓመት የተመሰገነ እጅ በእኔ ዝምታ ስሙ ጠፍቶ ሄደ። ይህ ያንገበግበኛል።

አንተ ዘንድ መምጣታቸው አይቀርም። ሲያመሰግኑኝ አትመናቸው። ይህን ደብዳቤ እናታችን ባለችበት ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ባለቤቱ “ይመለሱ፣ ቦታዎ ባዶ ነው” ማለቱንም ንገርልኝ።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ስለላከችልኝ ሹራብ አመስግንልኝ፤ እጅጌው ረዘመ እንጂ ይሞቃል። ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። ለጋሽ ፊውዝ ግን ሰላምታ የምልክበት ፊት የለኝም። አንብበህ ስትጨርስ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ፤ ምንም ካላሉም፣ ምንም አለማለታቸውን ጻፍልኝ።

ታናሽ ወንድምህ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን