ሠላሳ አንደኛው ረድፍ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬም ተበላሁ።

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ደብተሬን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው! ስመለስ ደብተሬ መሬት ላይ፣ ወንበሬ ላይ ደግሞ የሮማሪክ ቦርሳ። የክፍል ተጠሪ ነው ተብሎ ዝም ይባላል?

"ደብተሬን ማን ጣለው?"

"ነፋስ ይሆናላ።"

ነፋስ! መስኮቱ ሁሉ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ!

ልጮህበት አፌን ከፈትኩና... መልሼ ዘጋሁት። እማዬ ጀልባዋ ላይ ሆና ስትሸኘኝ ምን ነበር ያለችኝ? "እዚያ ቀስ ብለሽ አውሪ። በድምፅሽ የሐይቅ ልጅ መሆንሽን እንዳያውቁብሽ።" ይኸው ስድስት ወር ሙሉ እንደታመመ ሰው አንሾካሽካለሁ።

የቀረው ቦታ ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ነበር፣ የመጨረሻው። ፕሮፌሰር አግቦሱ ጂኦግራፊ ያስተምሩናል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ማይኩ ደግሞ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ያርፋል። ዛሬ የዕረፍቱ ቀን ነበር። "እንግዲህ" እና "ስለዚህ" ሲሉ ሰምቻለሁ። በሁለቱ መሃል ምን እንዳሉ እሳቸውና ፊት ያሉት ይወቁት።

ባለፈው ፈተና ከሃያው ሰባት ብቻ ነው ያመጣሁት። ሁለተኛው ኤፕሪል 1 ነው። አሥር ካልሞላሁ የመንግሥት ድጎማው ይቋረጣል። ድጎማው ከተቋረጠ ወደ ሶ-አቫ፣ ሐይቁ ላይ ወዳለው መንደራችን፣ ወደ እማዬ ዓሣ ንግድ። ዓሣ ጠልቼ አይደለም። ግን እንዲህ ወድቄ አልመለስም።

ለምሳ ጋሪ የምንለውን የካሳቫ ዱቄት በስኳር በጥብጬ ጠጣሁ። ከሰዓት ስታቲስቲክስ... እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

አብራኝ የምትኖረው ፕሩዳንስ ሳቀችብኝ። "ደብተር ብቻውን ወንበር ያስጠብቃል? ቂጥሽንም ጨምሪበት እንጂ!" እውነቷን ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ምንድነው ያደረግኩት?!

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሦስተኛ ረድፍ፣ ደብተሬም እኔም በቦታችን። ሮማሪክ መጥቶ ሲያየኝ "ዛሬ ነፋስ የለም" አልኩት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሄዶ ተጎለተ።

ማይኩ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ፕሮፌሰር ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከኋላ "አይሰማም! አይሰማም!" ጠረጴዛ መደብደብ ተጀመረ። አንድ ሺህ ሰው! ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሊሄዱ ነው! ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶ!

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወደ ኋላ ዞርኩና የተናገሩትን ለቀቅኩት፦

"ሐይቁ በዝናብ ወራት ከወንዙ ውሃ ይቀበላል! በደረቁ ወራት የባሕሩ ጨው ይገባበታል!"

ልክ ከጀልባ ወደ ጀልባ እንደምንጣራው።

ሳቅ ፈነዳ። "ዓሣው ስንት ነው?" ያለው ሮማሪክ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ጆሮዬ ጋለ። አወቁብኝ! ልቀመጥ ስል ከዚያ ማዶ፣ ከሠላሳ አንደኛው ረድፍ፣ አንዱ ጮኸ፦ "ተሰማ! ቀጥይ!"

ፕሮፌሰር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"ስምሽ ማነው?"

"ፊፋሜ።"

"ፊፋሜ፣ እንደቆምሽ ሁኚ። እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትደግሚያለሽ።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ! እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጣራለሁ፣ አንድ ሺህ እስክሪብቶ ይጽፋል። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ቀን፣ ከእራት በፊት

ልከልስ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ባዶ። ቀኑን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሁሉም ሲጽፍ እኔ ስጮህ ዋልኩ። እንዴት ልብ አልልም? እንዴት?

ዓርብ፣ ማርች 14

ማይኩ አልተጠገነም። "ጥያቄው ቢሮ ገብቷል" ይላሉ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ልጆች "ማይክ! እንዴት አደርሽ?" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ማክሰኞ ምን ላድርግ? ብቆም የእኔ ደብተር ባዶ ይሆናል። ብቀመጥ የሠላሳ ረድፍ ደብተር። ፕሩዳንስ ሕግ ነው የምትማረው፣ ደብተሯ አይረዳኝም። የክፍሌን ልጆች ደግሞ ለምኜ አላውቅም... ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ጓደኛ መቼ ያፈራል?

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ኧረ ዛሬስ! ዛሬስ!

ገና ስገባ ለሮማሪክ ነገርኩት። "ዛሬ አልቆምም። መጻፍ አለብኝ። ባለፈው ሰባት ነው ያመጣሁት።" ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

"ደብተርሽን ስጪኝ።"

"ደግሞ ልትጥለው?"

አንገቱን አከከ። "ያን ቀን... ነፋሱ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ። ስጪኝ።"

ወንበር ላይ ወጣና "ስሙ! ይሄ የፊፋሜ ደብተር ነው! እሷ ስትናገር እያንዳንዱ ረድፍ አራት አራት ደቂቃ ይጽፍና ወደ ኋላ ያቀብላል! የዘለለ ረድፍ ወዮለት!" አለ። ድምፁ አምስተኛው ረድፍ ላይ ሞተ። እኔው ደገምኩለት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ፕሮፌሰርም ሳይቀሩ።

እየተጣራሁ በዓይኔ ተከተልኩት። ደብተሬ ከእጅ ወደ እጅ እየራቀ ሄደ... አሥረኛው፣ ሃያኛው... ከዚያ ጠፋኝ። ማለቂያው ላይ በሰው ራስ ላይ እየተሳበ ተመለሰ። አንዱ ገጽ የዘይት ጠብታ አለው። አሥራ ሁለተኛው ረድፍ በአረንጓዴ ቀለም ነው የጻፈው። አሥራ ሰባተኛው ሐይቁን ሥሎታል፤ የእኛን መንደር ቦታ ግን ተሳስቷል። ሃያ አራተኛው ኅዳጉ ላይ "ራበኝ" ብሏል። የሠላሳ አንደኛው ረድፍ ከትምህርቱ በታች አንድ መስመር ጨምሯል፦ "እዚህ ድረስ ይሰማል።"

አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ ምን አባቱ!

ሐሙስ፣ ማርች 20

ሮማሪክ የማርች 11ን ትምህርት በእጁ ገልብጦ አመጣልኝ። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ነው። አነበብኩት ግን።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ፈተና። ሁለተኛው ጥያቄ የሐይቁ ጨው! ስጽፍ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር መሰለኝ፣ ፈታኙ "ዝም በይ" አለኝ። ድምፅ አላወጣሁም እኮ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ማይኩ ተጠግኗል። ጎህ ሳይቀድ አልተነሳሁም። ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ቦታ አስፍተው ተቀበሉኝ። ፕሮፌሰር ግልጽ ብለው ይሰማሉ። ጽፌ ጽፌ እጄ ዛለ።

ከክፍል ስንወጣ ውጤቱ ተለጥፏል። ሮማሪክ ቀድሞ አየልኝ።

አሥራ አራት።

አሥራ አራት! ድጎማው ተረፈ! እዚያው ሰሌዳው ሥር ቆሜ ለእማዬ ደወልኩ።

"እማዬ! አሥራ አራት አመጣሁ!"

"ቀስ ብለሽ ልጄ፣ ሰው ይሰማሻል።"

"ይስማ!"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማይኩን፣ መጣራቴን፣ ደብተሩን። ጀልባዋ ላይ ናት፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ድንገት ስልኩን ከአፏ አራቀችና ጮኸች፦

"ፊፋሜ አሥራ አራት አመጣች!"

ከሌላ ጀልባ፦ "ማን?"

"ፊፋሜ! የእኔዋ! አሥራ አራት!"

ያችኛዋ ለቀጣዩ ጀልባ፣ ቀጣዩም ለሌላው እያለ ሲሄድ ሰማሁት። ሦስተኛው ጀልባ ጋ ሲደርስ አሥራ ስድስት ሆኗል።

አላረምኳቸውም።