ግራና ቀኙ የተለዋወጠ መልክ

ሊዮን፣ እሑድ፣ ኅዳር 1817

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ ገብቷልና ከእሳቱ አትራቂ። እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እሺ አይለኝም። ይህን የምታደርስልሽ እንቁላል ሻጯ ናት። አንብበሽ አቃጥዪው።

ባለፈው ሳምንት የፖሊስ ሹሙ ሱቃችን መጣ። የወንድሜን የአንተልምን መልክ የያዘ የእርሳስ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ይህን አመፀኛ መዳብ ላይ ቅረጹልኝ። መዳፍ የምታህል ትሁን፤ በየበሩ እለጥፋታለሁ» አለ። ወንድሜ መሆኑን አላወቀም። የባሌ የብኖዋ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በስሙ የምቀርጸው እኔ መሆኔን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

መዳብ ላይ የተቀረጸ መልክ ሲታተም ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ቀራጭ አስቀድሞ ገልብጦ ይቀርጻል። ይህን የተማርኩት ከተጣሉ የኅትመት ወረቀቶች ላይ ፊደል ስለቅም ነው። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ረስቼው አላውቅም። ያን ቀን ረሳሁ። የአንተልም የቀኝ ጉንጭ ጠባሳ በግራ ወጣ።

ብኖዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልታስገድዪኝ ነው? ከሥሩ ያለው ስም እኮ የእኔ ነው!» አለኝ። ከዚያ ራሱ ጠቀለለው። ሊወስደው የመጣው ሹምም ከእርሳሱ ሥዕል ጋር ሳያስተያይ፣ «አይ ብኖዋ፣ ያ ሁሉ ወይን ጠጅ እጅህን አላበላሸውም!» እያለ ስቆ ሄደ።

ትናንት ሰው ተያዘ። አንተልም አይደለም። ፍሉሪ የሚባል ዟሪ ቢላዋ ሞራጅ ነው፤ ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። ወታደሮቹ ምስሉን ፊቱ ላይ ደቅነው «ይኸው፣ አንተው ነህ!» ሲሉት በመስኮት ሰማሁ። «ጌቶቼ፣ እኔ ሰይፍ የምይዘው ለመሞረድ ብቻ ነው» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። ማንም አልሳቀም። ከሩቅ ስለመጣ የሚመሰክርለት የለም። ዓርብ አንገቱን ይቆርጡታል።

ብኖዋ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሁላችንንም ታስጨርሺናለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እፈራለሁ። ቢሆንም ሐሙስ ጠዋት ሹሙ ዘንድ ሄጄ ምስሉ የተገለበጠ መሆኑን እናገራለሁ።

እናቴ ሆይ፣ ላም እንደሌለሽ አውቃለሁ። ጋጣሽ ውስጥ የደበቅሽው ጥጃ ግን እስከ ረቡዕ ማታ ተራራውን ይሻገር። ከዚያ በላይ ቀን ልገዛለት አልችልም።

እግዚአብሔር ደጅሽን ይጠብቅልኝ፤ የሐሙስንም ልብ ይስጠኝ።

ሴት ልጅሽ