የጎሽ ውኃን መብራት ያበሩት አቶ ቢያድግልኝ እምሩ (1951–2017 ዓ.ም.)

አቶ ቢያድግልኝ ከአባታቸው ከአቶ እምሩ ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩሸዋ ደስታ ሰኔ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በመንዝ፣ ከጓሳ በታች በምትገኘው የጎሽ ውኃ መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ በአራተኛው ዓመት ወንድማቸው አቶ ዳኜ ተከተሉ። ለትምህርት ሲደርሱ ቀየት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልቀጠሉት ትምህርት ጠልተው አይደለም። መንገዱ በወፍጮ ቤት ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሞተር ሲነሣ ሳያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም።

በ1970 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ወርደው በአንድ ወፍጮ ቤት የሞተሪስትነት ሙያ ተማሩ። ወደ መንደራቸው ተመልሰውም የናፍታ ወፍጮ ማሠራት ጀመሩ። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋረጋ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጽናትንና ምንተስኖትን ወልደዋል። በሠርጋቸው ዕለት የወፍጮው ድምፅ ሲቆራረጥ ቢሰሙ ካባቸውን እንደለበሱ ከዳሱ ወጡ፤ የሞተሩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ቀይረው ሲመለሱ ካባው ግሪስ በግሪስ ሆኖ ነበር። ወ/ሮ ሸዋረጋ ያን ካባ እስከ ዛሬ አላጠቡትም፤ ለማስረጃ አስቀምጠውታል።

በ1999 ዓ.ም. በመንደሩ ጤና ጣቢያ ሲከፈት በናፍታ የሚሠራውን ጀነሬተር የተከሉት እሳቸው ናቸው። ለጠየቃቸው ሁሉ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «መብራት ናፍታው ውስጥ የለም። ናፍታው ተቃጥሎ የሚያዞር ጉልበት ነው። መብራቱ የሚመጣው ማግኔቱ በመዳብ ሽቦ መካከል ሲዞር ነው። ሌላ የሚያዞር ጉልበት ካገኘን ናፍታ ምን ያደርግልናል?» ያ ጉልበት ከደጃቸው ነበር። የጓሳ ሣር በደንብ ተከልሎ ስለሚጠበቅ ከሥሩ የሚፈልቀው ጎሽ ውኃ በበጋም አይነጥፍም፤ ከገደሉም ቁልቁል ይወርዳል። በ2004 ዓ.ም. መንደሩን አስተባብረው ቱቦ ዘረጉ፤ ውኃው ተርባይኑን አዞረ፤ ጤና ጣቢያውና ቤተ ክርስቲያኑ መብራት አገኙ። መንደሩም በዚያው ዓመት የውኃ አባት አድርጎ መረጣቸው። በበጋ ውኃውን ለማሳና ለተርባይን በተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ሆኑ።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሟችን ጥፋት መዝለል የተለመደ ነው። አቶ ቢያድግልኝ ግን ቀጥሎ ያለው እንዳይዘለል ለልጃቸው ለጽናት አዘው ሄደዋል።

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ውኃው ቀጥኖ ወይ ማሳውን ወይ ተርባይኑን እንጂ ሁለቱን አልችል አለ። አንድ ቀን ተራው የአቶ ዳኜ ነበር፤ ገብሳቸው እያዘረዘረ አሥራ ሁለት ቀን የጠበቁት ውኃ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመንደሩ ነዋሪ ወ/ሮ መሲ በጤና ጣቢያው የወለዱት ሕፃን ትንፋሽ አጠረው። የኦክስጅን ማሽኑ ይነሣና ይጠፋል። የናፍታው በርሜል ባዶ ነው። አቶ ቢያድግልኝ ሽቅብ ሮጠው ውኃው ወደ ተርባይኑ እንዲወርድ የወንድማቸውን ቦይ አፍ በጭቃና በድንጋይ ደፈኑ። አቶ ዳኜ ከማሳው ግርጌ ነበሩ፤ ቢጠሯቸው ይሰማሉ። አልጠሯቸውም። ውኃው ሲቋረጥባቸው አቶ ዳኜ ሽቅብ ወጡ፤ ታላቅ ወንድማቸውን ቦዩ ላይ አካፋ ይዘው ቆመው አገኟቸው። አቶ ቢያድግልኝ ምክንያቱን አልተናገሩም። «ተመለስ» ብቻ አሉ።

ቦዩ ሁለት ቀን ተደፍኖ ዋለ፤ አደረ። ሕፃኑ ተረፈ፤ ገብሱ ተቃጠለ። አቶ ቢያድግልኝ የውኃ አባትነቱን ለሽማግሌዎች መልሰው ከጎተራቸው ለወንድማቸው ገብስ ጭነው ቢልኩ አህዮቹ ጭነታቸውን እንደያዙ ተመለሱ። አቶ ዳኜ ለሽማግሌዎች የሰጡት መልስ አንድ ነበር፦ «ገብሴ ተቃጠለ አላልኩም። ሕፃን እየሞተ ነው ቢሉኝ ድንጋዩን አብሬያቸው አልሸከምም ነበር? እንደምከለክል ቆጥረው አካፋ ይዘው ጠበቁኝ!» ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሌላው ደጀ ሰላም ይቆያሉ። ሁለቱም ሲጎዱ ቤተሰቡ አይቷል፤ አልቅሷልም።

በ2014 ዓ.ም. ሐኪሞች የአቶ ቢያድግልኝ ሳንባ መጎዳቱን ነገሯቸው። በዝግ ወፍጮ ቤት ሠላሳ ዓመት የተነፈሱት የናፍታ ጭስ ነው። በዚያው ዓመት ጤና ጣቢያው ጣራ ላይ ሶላር ሲተከል እያሳላቸው መሰላል ወጥተው «የሚዞረው የቱ ጋ ነው?» ብለው ሠራተኞቹን አስቀዋል።

ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕመማቸው ጠንቶ ጤና ጣቢያ ተኙ። መንገድ ስለተዘጋ ሆስፒታል መድረስ አልተቻለም፤ ናፍታም አልገባም። ጉም ከጓሳ ወርዶ ፀሐዩን ስለጋረደ ባትሪው አልሞላም፤ ዝናብም ጠብ አላለም። የቀረው ውኃ ብቻ ነበር፤ ተራው ደግሞ የአቶ ዳኜ። ወ/ሮ ሸዋረጋ «ሄጄ ልለምነው» ብለው ሲነሡ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው አስቀሯቸው። የኦክስጅን ማሽኑ ጠፋ። ተነሣ፤ ደግሞም ጠፋ። ጽናት የአባቷን ደረት እያየች ትንፋሻቸውን ትቆጥር ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን አልጠፋም። አቶ ቢያድግልኝ ድምፁን አዳምጠው «ይኼ ሙሉ ውኃ ነው» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ዳኜ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። የወንድማቸውን መታመም ሰምተው የገዛ ቦያቸውን በእጃቸው ደፍነው መምጣታቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬም አልጠየቁኝም» አሉ።

አቶ ቢያድግልኝ ጭምብሉን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «ያን ጊዜ ፈራሁህ። አሁን ደግሞ አፈርኩህ» አሉ።

አቶ ዳኜ ከአልጋው ግርጌ አራት ቀን አልተነሡም። አቶ ቢያድግልኝ ንስሐ ገብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ማሽኑ ሳይቋረጥ፣ ግንቦት 6 ቀን በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወ/ሮ ሸዋረጋ፣ ልጆቻቸው ጽናትና ምንተስኖት፣ ወንድማቸው አቶ ዳኜ ሐዘን ላይ ናቸው። ያን ጊዜ የተረፈው የወ/ሮ መሲ ልጅ፣ ምስክር የሚባለውም፣ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ዛሬ ከእናቱ ጋር እዚህ ቆሟል። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ብርሃኑ በማይጠፋበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ላዘኑትም መጽናናትን ይስጥ።

ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በጎሽ ውኃ ነው። የዛሬው ተራም የአቶ ዳኜ ነው። ምንተስኖት ጠዋት ማሳቸው ድረስ ሄዶ ጠይቋቸው ፈቅደዋል።