አሥራ ሦስቷ ማን እጅ ናት?

ኦክቶበር 4

ዝናብ። ትምህርት የለም። አያቴ እማማ ካርታ የምታነብላት ደንበኛ አላት።

ጓዳ ገብቼ ድንች የምልጥ መስያለሁ። ድንቹ አንድ ነው። ሴትዮዋ እስክትሄድ እሱኑ ስልጥ እቆያለሁ፤ መጨረሻ ላይ የወይራ ፍሬ ያክላል።

የዛሬዋ ከታችኛው መንደር ናት። ልጇ ያቺን የቶሪኖ ልጅ ያገባ ይሆን? እማማ እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፣ የጋብቻ ቀለበቷን አወለቀች፣ መስኮቱን ገርበብ አደረገች፣ ጥቁሩን ሻሽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ካርታውን በወዘች። «በግራሽ ቁረጪ።» ሴትዮዋ በግራ እጇ ክምሩን ለሁለት ከፈለችና ትንፋሿን ዋጠች። እኔም። ድንቹም።

ስትሄድ ጠየቅኳት።

«ቀለበቱን ለምን ታወልቂያለሽ? ለመናፍስቱ?»

«ካርታውን ይቧጭረዋላ።»

«መስኮቱስ? መንፈስ እንዲገባ?»

«የትናንቱ ነጭ ሽንኩርት እንዲወጣ።»

«እሺ፣ ግራ እጅስ?»

ቀለበቷን መልሳ አጠለቀች። «እሱን አላውቅም። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ቤታችን ያለው የሥዕል ካርታ አንድ ጥቅል ነው። ከሰዓት የእማማ ነው፣ አመሻሽ ላይ ወንዱ አያቴ አባባ ጃኬቱ ኪስ ከትቶት ቡና ቤት ይወርዳል። በአንዱ ካርታ እሷ የሰው ዕጣ ታያለች፣ እሱ የሰው ወይን ያሸንፍበታል። አባ ኤውጄንዮ እሁድ ስብከት ላይ «ነገን ከካርታ አትጠይቁ» ይላሉ፤ ሰኞ ማታ በዚያው ካርታ ሲሸነፉ ግን ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ማንን እየጠየቁ ይሆን?


ኦክቶበር 9

ጓደኛዬ ሳማንታ በኢንተርኔት ካርታ አዘዘች። ባለ ወርቅ ጠርዝ፣ ከዕድል ድንጋይ ጋር። «ራስሽ ከገዛሽው አይሠራም፤ ሰው ነው የሚሰጥሽ» ብሏት አንዱ... ስለዚህ ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔ መልሼ ሰጠኋት። በሥነ ሥርዓት። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን።

ከዚያ «በጨረቃ ይጸዳል» ተብላ በረንዳ ላይ አሳደረችው። ጤዛ። ጠዋት እያንዳንዱ ካርታ እንደ ብስኩት አብጧል።

ለእማማ ስነግራት በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። «ጨረቃ ለጎመን ነው የምትጠቅመው። የእኔን እናቴ ከሱቅ ነው የገዛችው፣ ከሳሙና ጋር።»


ኦክቶበር 14

አባባ ወይን ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ።

ቁጭ ብሎ! አባባ! ሥራ ቦታ ላይ መቀመጥ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጠባይ ነው የሚለው ሰውዬ። ከንፈሩ ጠቁሮ የወይን ጠጅ የጠጣ ይመስላል። አልጠጣም።


ኦክቶበር 16

ሐኪሙ ተናገረ። ልቡ ውስጥ አንዷ በር ጠብባለች። ካልተቀየረች የሚቀጥለውን ወይን ለቀማ ላያይ ይችላል። ቶሪኖ ሆስፒታል ለኖቬምበር 6 አልጋ አለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት።

እምቢ አለ።

እናቴ፦ «አባዬ፣ በእግዚአብሔር...»

እሱ፦ «የከረመ ጠርሙስ አይከፈትም አድሪያና። ከፍታችሁ ኮምጣጤ ነው የምታገኙት።»

እናቴ ኩሽና ሄዳ አለቀሰች። እማማ ፖሌንታውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ታማስላለች። በጣም ታማስላለች።


ኦክቶበር 19

ያልሞከረ የለም። አባ ኤውጄንዮ ራሳቸው መጡ። አባባ፦ «አባ፣ መንግሥተ ሰማያት እንደሚያወሩት ጥሩ ከሆነ ምን ያስቸኩለኛል፣ ምንስ ያስቀረኛል?» እሳቸው አሰቡ፣ አሰቡ... አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ሄዱ። ሃያ ዓመት ሥነ መለኮት።

እማማን ያዝኳት። «አንብቢለት!»

«ለቤቴ ሰው አላነብም።»

«ክልክል ነው?»

«ማን ይከለክለኛል? የሌላ ሰው ሲሆን ካርታውን አያለሁ። የእሱ ሲሆን ፍርሃቴን ነው የማየው።»

እማማ ፍርሃት አላት እንዴ? ዛሬ ነው የሰማሁት።


ኦክቶበር 22

እሺ። እሷ ካላነበበች እኔ አነባለሁ።

እማማ አምስት ካርታ ነው በመደዳ የምትደረድረው። እኔ አምስቱን አስቀድሜ ክምሩ አናት ላይ አስቀምጣለሁ፦ ኮከብ፣ ፀሐይ፣ ብርታት፣ ዓለም፣ መጨረሻ ላይ መልአኩ። ከዚህ ወዲያ ቶሪኖ ካልሄደ ዓይነ ስውር ነው። የበወዙ መስለው ሳይበውዙ መቅረትን ከቪዲዮ እየተማርኩ ነው። ካርታው ሦስት ጊዜ ሾርባ ውስጥ ገባ። አንዱ ንጉሥ ምስር ይሸታል።

ኃጢአት ነው? ለጥሩ ነገር ማታለል... አባ ኤውጄንዮን ብጠይቃቸው ደግሞ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ።


ኦክቶበር 26

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ። እናቴ ሥራ ላይ፣ እማማ ከዶሮዎቹ ጋር። አባባን «ና ዕጣህን ልይልህ» አልኩት። ሳቀ። «ሃምሳ ዓመት ይዣቸዋለሁ፣ የቡና ቤቱ ቤርቶ አጭበርባሪ መሆኑን እንጂ ሌላ ነግረውኝ አያውቁም።» ግን ተቀመጠ። ሊቀልድብኝ።

ሁሉንም አደረግኩ። እጄን ታጠብኩ። ቀለበት የለኝም፣ የእጄን አምባር አወለቅኩ። መስኮቱን፣ ሻሹን። በወዝኩ... ያው መሰልኩ። አምስቱ ላይ እንዳሉ ናቸው። ድምፄን እንደ እማማ አወፈርኩና፦

«በግራህ ቁረጥ።»

ራሴው! በገዛ አፌ! ነገሩን ለማሳመር ብዬ።

አባባ በግራው ቆረጠ። ከመሃል። የእኔ ኮከብና መልአክ ታች ሄዱ።

ምን ማድረግ ይቻላል? ደረደርኩ። መጀመሪያ ባለ አምስት ዋንጫ። ሁለተኛ ቂሉ። «አባ ኤውጄንዮ ናቸው» አለ። ሦስተኛ...

አሥራ ሦስቷ። አጽም፣ ማጭድ የያዘች። ሞት።

ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። አባባ ቀድሞ በጣቱ ተጫናት። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ፤ ሻማ እፍ እንደሚባል።

እማማ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ? ቀሚሷ ላይ የዶሮ ላባ አለ። አልተቆጣችኝም። እጇን ታጠበች። ቀለበቷን አወለቀች። ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ እኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ።

«ቱልዮ። ምን ታያለህ?»

«ማንበብ የምትችይው አንቺ ነሽ።»

«አንተን ነው የጠየቅኩት።»

ጣቱን ከካርታዋ ላይ አነሳ። «ታጭዳለች» አለ። «አስተጫጨዷ አያምርም። ወገቧን አልሰበረችም። ነገ ያማታል።» አጽምን! የሞትን ወገብ! ልስቅ ነበር... ድምፁ ከለከለኝ።

«ሌላስ?»

«እግሯ ሥር ሣር አለ። እያጨደችም ይበቅላል።» ከዚያ ካርታዋን ሳይሆን እማማን እያየ፦ «መሞቱ አይደለም ሰኩንዲና። ያስተኙኛል። እነሱ ሲጫወቱ እኔ ካርታ በእጄ የለም። ምን እንደተጣለ ሳላይ... አንቺ በሌለሽበት... ጨዋታው አልቆ ሊሆን ይችላል።»

ይኼን ነው? አሥር ቀን ሙሉ፣ ስለ ኮምጣጤና ስለ መንግሥተ ሰማያት ያ ሁሉ ወሬ፣ ይኼን ነው የደበቀው?

እማማ ዓይኗን አላርገበገበችም። «ጨዋታ ላይ ይቺን የሚበልጣት አለ?»

«እንዴት አይኖርም?»

«ማን?»

እንደ ተማሪ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «ባለ እንስራዋ ትበልጣታለች። ዲያብሎስ። ግንቡ። ኮከብ፣ ጨረቃ፣ ፀሐይ። ዓለም። መልአኩማ ሁሉንም ይበላል...» እዚህ ቆመ። እጁ አየር ላይ። ስምንት ጣት።

«ሃምሳ ዓመት እጅህ ስትገባ ፈርተሃት ታውቃለህ?»

«እኔ ጋ ካለችማ ምን ያስፈራል? እኔ ጋ ካለች ሌላ ሰው ጋ የለችም!»

ይህን አለና አፉን ያዘ። ሦስታችንም ካርታዋን አየናት። ውጭ ያ ሞኝ አውራ ዶሮ ጮኸ፤ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ ድምፁ ገና ግድግዳው ላይ እንዳለ።

አባባ አሥራ ሦስቷን ከሻሹ ላይ አነሳት። ሸሚዙ ኪስ ከተታት። «ለአድሪያና ንገሯት» አለ። «ቶሪኖ እሄዳለሁ፤ ይቺም አብራኝ ትሄዳለች።»

የቀሩትን ሁለት ካርታዎች ማንም አልገለጣቸውም።


ኦክቶበር 27

እማማ ስለ ማጭበርበሬ ያለችው አንድ ነገር ብቻ፦ «ሁለተኛ ስትሰርቂ አታስቆርጪ።»

ካርታው ያወቀው ነገር አለ ወይ አልኳት። «ካርታ ምን ያውቃል? ወረቀት ነው።» ትንሽ ቆይታ፦ «ሰው ግን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አያወራም።»

ታዲያ ለምን ሦስተኛዋ እሷ ሆነች? ለምን በግራ? ወረቀት ነው... እሺ። ለምን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል?


ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። እንደ ወጉ ለሙታኑ የጫካ ለውዝ ቀቅለን ጠረጴዛ ላይ ትተን ወጣን። አባባ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞሮ፦ «ብሉ፣ ብሉ። በዚህ ሳምንት እኔን እንዳትጠብቁ፣ ቀጠሮ አለኝ።»

ቡና ቤት ውስጥ አሥራ ሦስቷ ጎድላለች። አባ ኤውጄንዮ በምትኳ የቅዱስ ሮኮን ሥዕል ሰጡ። ቤርቶ፦ «ሞትን በቅዱስ ሮኮ መተካት እኮ ድፍረት ነው!» አባ፦ «ዝም ብለህ ጣል።»


ኖቬምበር 6

ቶሪኖ። ሆስፒታል።

ቀለበቱን ለእማማ ሰጠ። ሰው ሠራሽ ጥርሱን ለእናቴ። ካርታዋን... አልሰጥም አለ። ነርሷ፦ «አባቴ፣ ምን ይዘዋል?» «ሞትን።» ነርሷ ክፉው እንዲርቅ ቶሎ የአልጋውን ብረት ነካች። የተማረች ሴት!

ቀዶ ሐኪሟ መጣች፣ ወጣት ናት፣ ጫማዋ አረንጓዴ። አልሳቀችም። «አባቴ፣ እዚያ ውስጥ ከተቀቀለ ነገር በስተቀር አይገባም። እኔ ራሴ ልገባ እስከ ክርኔ እታጠባለሁ።»

አባባ አሰበ። «ቀለበትሽንስ ታወልቂያለሽ?»

«አወልቃለሁ።»

ወደ እማማ ዞሮ አያት። እማማ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

«ኖኤሚ። ግራ እጅሽን።»

ካርታዋን መዳፌ ላይ አኖራትና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ። «የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ያዢልኝ። ተመልሼ እስክጠይቅሽ ለማንም እንዳትጥዪ።»

ቀልድ ፈለግኩ። ሁልጊዜ አንድ አላጣም። አጣሁ።

ገፍተው ወሰዱት። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እናቴ ተነሳች፣ ተቀመጠች። እማማ ዳቦ ሰጠችኝ፣ በቀኜ በላሁ። ሽንት ቤት በአንድ እጅ መሄድ ከባድ ነው፣ ይታወቅልኝ። እጄን አላበኝ፣ ከዚያ ደነዘዘ። ጭብጤን አልፈታሁም። ወረቀት ነው፣ ወረቀት ነው እላለሁ... ግን ወረቀቱ ይመታ ነበር። ቱክ፣ ቱክ። የራሴ ደም ሥር ነው፣ አውቃለሁ። አውቄም ይሰማኝ ነበር። እኔ ጋ ካለች ሌላ ሰው ጋ የለችም። እኔ ጋ ካለች...

አረንጓዴዎቹ ጫማዎች ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት እነሱን ነው። ይሮጡ ነበር ወይስ ይራመዱ? ይራመዳሉ። ቀስ ብለው።

«የልቡ በር ትከፈታለች፣ ትዘጋለች» አለች ሐኪሟ።

እማማ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴ አለቀሰች። እጄን ግን እኔም እሷም አልከፈትነውም። ገና አልጠየቀኝማ!


ኖቬምበር 7

ነቃ። ጥርሱን እንኳ ሳያስገባ፦ «ጣልሻት?»

«አልጣልኳትም።»

«ጎሽ» አለና ተኛ።


ዲሴምበር 13

ሳማንታ መጣች፣ ያበጠውን ካርታዋን ይዛ። «አንብቢልኝ» አለች። አምባሬን አወለቅኩ። መስኮቱን ገርበብ አደረግኩ። «በግራሽ ቁረጪ።»

«ለምን?»

«አላውቅም። እማማ እንዲህ ነው የምታደርገው።»

ልትቀልድ የነበረው ሁሉ አፏ ላይ ቀረ፤ በግራዋ ቆረጠች። ከዚያ ስለ አባቷ አወራችኝ። የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም።


ዲሴምበር 20

አባባ ዛሬ ቡና ቤት ወረደ! በትር ይዞ፣ እኔንም ይዞ። በትሯ ለመልኩ ናት ይላል።

ቅዱስ ሮኮ በክብር ጡረታ ወጣ፣ አሥራ ሦስቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ግን ችግር አለ። ያን ቀን አጥብቄ ስለያዝኳት ጥጓ ታጥፏል፣ መሃሏ ላይ የአውራ ጣቴ ጠባሳ አለ። ከጀርባዋም ትታወቃለች። ማን እጅ እንዳለች ጠረጴዛው ሁሉ ያያል።

ቤርቶ፦ «ይኼ ጨዋታ ነው? አዲስ ካርታ ይገዛ!»

አባ ኤውጄንዮ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እጥፋቷን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይኸው ትቆይ» አሉ። «ማን እንደያዛት መታወቁ... መጥፎ አይደለም።»

ሦስተኛው ዙር ላይ አባባ ጋ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ አዩ። አባባ በካርታው አናት በኩል እኔን አየኝ። ግራ እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጭብጥ አለ።

አባባ ሸሽጎ ሊያቆያት ይችል ነበር። አልሸሸጋትም። ጠረጴዛው መሃል ላይ ጧ! አድርጎ ጣላት።

አባ ኤውጄንዮ መልአኩን አምጥተው በሏት።

አባባ ተሳደበ። ቆሞ፣ በትሩን ረስቶ፣ ጠርሙሶቹ እስኪንቀጠቀጡ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ እማማ አንድ ቀን ደብተሩን ልታገኘው ትችላለች። ግን እንዴት ያለ ጤነኛ ስድብ ነበር!