የወንድሜ ጢም

ጥቅምት 9
እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ። ፀጉር ቤታችንን ሳንከፍት መንትያዬን ላጨሁት፣ እሱም እኔን ላጨኝ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነን። ወሬውን አላቆም አለ። «ዝም በል፣ ከንፈርህን አብሬ እንዳልላጨው!» ስለው ጭራሽ ሳቀ። ደክሞኝ ገባሁ።

ታኅሣሥ 2
በግራ እጄ ነው የምጽፈው... ጭረት ብቻ። ስትሮክ መታኝ። የሰው ፀጉር እያስተካከልኩ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ፣ ከዚያ እኔም ወለሉ ላይ። ስድስት ሳምንት ሆነ። ቀኝ እጄ አለ፤ የኔ ግን አይመስለኝም።
ወንድሜ በየቀኑ ይመጣል። ጢሙ አድጓል። በኔ ጣጣ ጊዜ አጥቶ ይሆናል።

ታኅሣሥ 20
ሐኪሙ «ዕድሜዎ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ሰውነትዎ ግን ሰባ ገብቷል» አለኝ። ደም ግፊቱ፣ ሲጋራው... ወንድሜ አጠገቤ ነበር። በሩብ ሰዓት ቀድሞኝ ተወልዶ ዕድሜ ልኩን «ታላቅህ ነኝ» እያለ ያዘዘኝ ሰውዬ! «በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ታላቄ አንተ ነህ» አለኝ። ሳቅን። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ፊቱን አዞረ። አየሁት።

ጥር 17
ጢሙ አገጩን ሸፍኖታል። ድፍን ነጭ! ወይ ጉድ፣ ሽማግሌው ማን ነው አሁን? «ምነው፣ ምላጭ ጠፋ?» አልኩት። «ብርዱ ነው» አለ። ውሸታም።
ሚስቱ ናት የነገረችኝ። «ልላጭህ ስለው ይቆጣኛል። ‹የሚላጨኝ ሰው አለኝ› ይላል።»
አንጀቴን በላው። ባይሆንልኝስ? እስከ መቼ ሊጠብቀኝ ነው?

የካቲት 4
ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ ፊኛ ነፍታ አረፋ ቀባችው። ምላጩን በቀኝ እጄ አስያዘችኝ። «ሳይፈነዳ ይላጩልኝ።» ሦስት ፊኛ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ፈነዱ። ጎረቤት ተኩስ መስሏት በሩን ደበደበች።
ሥራዬ ናፈቀኝ። የሳሙናው ሽታ፣ የሞቀው ፎጣ። ወንድሜም ናፈቀኝ... በየቀኑ እያየሁት! አይሰድበኝ፣ አይከራከረኝ። እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ።

መጋቢት 11
አንድ ፊኛ ተረፈ።

መጋቢት 23
በጠዋት ወንድሜና ሚስቱ መጥተው ፀጉር ቤት ወሰዱኝ። እሷ ጢሙን በመቀስ አሳጠረችው፤ ከዚያ በላይ አልፈቀደላትም። የኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ሰጠኝ።
«ብቆርጥህስ?»
«ደሙ ያው ያንተው ነው።»
ምላጩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ እንደገና አነሳሁት። «ፍጠን እንጂ አንተ ቀርፋፋ!» አለኝ። ስድቡ ተመለሰ! እንዲህ ካለኝ አምስት ወሩ። ደስ አለኝ።
ቀኝ ጉንጩን ጨረስኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ እጄ እምቢ አለ። ዛለ፣ አለቀ። ምላጩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ሚስቱ «በሉ እኔ ልጨርሰው» አለች።
«እንዳትነኪኝ!» ብሎ ተነሳ፣ ፊቱን አበሰ፣ በሩን ከፈተ። የመጀመሪያው ደንበኛ አይቶት ክው አለ።
«ምን ሆነህ ነው?»
«ወንድሜ እየላጨኝ ነው» አለው።
እስከ ማታ ለመጣው ሁሉ እንዲሁ እያለ፣ በግማሽ ጢም ሲሠራ ዋለ።