ኮሌታ ብቻ

የካቲት 14፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 12 ሰ.

ሰርቪስ እየጠበቅኩ ነው። አስቴር ገና ፀጉሯን እያሰረች ነው። ታቦር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ቀድማኝ ወጥታ አታውቅም። ፋብሪካ ስንገባ ግን ያለ እሷ አይሆንም። እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ፣ እሷ እጅጌ ትገጥማለች። አንዷ ከቀረች ላይኑ፣ የስፌት ተራው በሙሉ፣ ይቆማል።

ከምሽቱ 1 ሰ.

ዛሬ ስንት እንደምንሰፋ የሚነግረን ታርጌት አልተለጠፈም። አጠገባችን ባለው ላይን የስፌት መኪኖቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል። ጥገና ነው አሉን። ማስታወሻዬ፣ የሚጠገን መኪና ይከፈታል እንጂ ሲሸፈን አይቼ አላውቅም።

የካቲት 17፣ ሐሙስ።

ተነገረን። ምሳ ቤት ሰበሰቡን፤ የሰው ኃይሉ ሰውዬ ከወረቀት አነበበ። ሸሚዞቻችን አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገቡ ነበር። ያ ቀርቷል። ቀረጥ ሲጨመርበት ገዢው ተወደደብኝ አለ። ባለቤቶቹም ሥራውን ሌላ አገር ወዳለው ፋብሪካቸው ይወስዱታል። የመጨረሻው ካርቶን በወሩ መጨረሻ ይወጣል፣ ከዚያ ሼዱ ይዘጋል።

ጥሩነሽ፣ ቁልፍ የምትተክለው የወላይታ ልጅ፣ እጇን አወጣች። ታርጌት ብንጨምርስ? ሰውዬው ወረቀቱን አጠፈና «እህቴ፣ ነገሩ ከእናንተ እጅ ወጥቷል፤ ሥራችሁ ላይ ምንም እንከን የለም» አላት። ይሄ ነው የባሰብኝ።

ቤት ገብቼ የሳምንቱን ስፌቴን በሐሳቤ ስመረምር ራሴን ያዝኩት። ሰው ሲባረር ጥፋቱን ይፈልጋል። ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ጥፋት ይታረማል።

የካቲት 20፣ እሁድ። ከቱላ መልስ።

ከቸርች በኋላ ቱላ ሄጄ ለአባባ ነገርኩት። ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ። እንግዲህ ቤትሽ ትገቢያለሽ አለኝ። ላሟን ይሸጣል። የስፌት መኪና ይገዛል። መንገድ ዳር ባለችው በረንዳ እቀመጣለሁ። ለፈረንጅ የሰፋች ለቱላ ሰው አትሰፋም ወይ? እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሯል። አንዲት ሴትዮ ለልጇ ዩኒፎርም እንድሰፋላት ቀጠሮ ይዛለች። መኪናው ሳይኖር ደንበኛው መጣ።

ከዚያ ከሳጥኑ ጨርቅ አወጣ። ሰማያዊ፣ ቀጫጭን መስመር ያለው። ለዘመን መለወጫችን፣ ለፍቼ፣ ሸሚዝ እንዳወጣለት።

አንተን ምን እዋሽሃለሁ፣ ማስታወሻዬ። ሸሚዝ መስፋት አልችልም። አምስት ዓመት ኮሌታ ሰፋሁ። ኮሌታ ብቻ። ከእኔ በፊት ምን እንደሚደረግ፣ ከእኔ በኋላ ምን እንደሚቀጥል በዓይኔ እንጂ በእጄ አላውቀውም። በመጀመሪያ ደሞዜ ከመሃል ከተማ ሸሚዝ ገዝቼ ወሰድኩለት። አንቺ ነሽ የሰፋሽው? አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎት ስላላየሁት አዎ አልኩት። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን አዎ ስመግበው ኖርኩ። አሁን ላም ሊበላ ነው።

በገመድ ለካሁት። ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድ፤ በየመጨረሻው ቋጠሮ። ደረቱ እንዲህ መክሳቱን ገመዱ ነገረኝ።

የካቲት 22፣ ማክሰኞ።

ለአስቴር ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የእሷም እናት ቀሚስ እየጠበቁ ነው። ምሳ ላይ ለሌሎቹ ተናዘዝን። የስምንታችንም ቤተሰብ ልብስ ሰፊ አለኝ ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛስ? እያንዳንዳችን በአንድ ሎሚ ነጋዴ ነን ብለናል።

ሚስ ሰማችን። ስፌት ያስተማረችን የስሪላንካ ሴት ነች፤ አማርኛዋ የላይን አማርኛ ነው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ይፈታ፣ ይደገም። ዛሬ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቷ በአገራቸው እንዲህ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ትሰፋ ነበር። ተዘጋ። ሥራው ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ ወደዚህ። እሷም ተከትላው መጣች። እኔ እዚህ መኪናዬ ላይ በተቀመጥኩበት ቀን ከመኪናዋ የተነሳች ሴት እንደነበረች አምስት ዓመት አስቤው አላውቅም። ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኩም። አሁን ሥራው በሚሄድበት አገር የምትቀመጠውም ስለ እኔ አትጠይቅም። አልፈርድባትም።

ጨርቁን አምጪው አለችኝ። ከነጨርቁ እንዲያሳልፈኝ ለበሩ ጥበቃ ወረቀት ጻፈችልኝ።

የካቲት 30፣ ረቡዕ። የመጨረሻው ቀን።

ካርቶኖቹ ከምሳ በፊት ወጡ። መኪኖቹ የሚነቀሉት ነገ ስለሆነ ሚስ ከምሳ በኋላ መብራቱን አላስጠፋችም። ጨርቅ ቆራጩ ገመዴን ዘርግቶ ቋጠሮዎቹን ለካ፣ ሳቀብኝ፣ ቆረጠ። ከዚያ የአባባ ሸሚዝ በላይናችን ላይ ሄደ። ኪስ፣ ትከሻ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ጎን፣ የእጅጌ ጠርዝ፣ ታችኛው እጥፋት፣ ቁልፍ። ከእጅ ወደ እጅ። አንድ ሸሚዝ ብቻ ስለነበረ እያንዳንዳችን ድርሻችንን ጨርሰን እጃችንን አጣምረን ቆምን። ጥሩነሽ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትተክል ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ክልክል ነው። ሚስ አይታ አለፈቻት።

በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ። ሸሚዙን ዘርግቶ አየው። አምስት ዓመት ሲፈትሸኝ እኛ የሰፋነውን ሙሉ ሸሚዝ ሲያይ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ጥሩ ነው አለኝ፣ አጥፎ መለሰልኝ።

መጋቢት 2፣ ዓርብ። ጠዋት።

አስቴር ቤሩት ልትሄድ ነው። የጉዞውን ፕሮሰስ ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ለእኔ ትናንት ነገረችኝ። ተናደድኩ። ድስቶቹን አጠብኩ፣ እንደገና አጠብኩ። እንዳታለቅሺብኝ ብዬ ነው አለችኝ። የምትሄደው ሰው ቤት ለመሥራት ነው። ያ ሁሉ የእጅጌ ሙያ ምን ሊያደርግላት?

መናኸሪያ ሸኘኋት። የአዲስ አበባው መኪና ሲንቀሳቀስ በመስኮት፣ «ለአባባ ንገሪው፣ ላሟ ሳትሸጥ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማኝ ወጣች።

መጋቢት 4፣ እሁድ። ቱላ።

ቤት ገባሁ፣ ከነፍራሼ። አባባ ሸሚዙን ለበሰ። ልክክ አለበት። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደ፣ ተመልሶ ቁልፉን እየነካካ ተቀመጠ። ላሟን ማክሰኞ ገበያ ያወርዳታል፤ ገዢ ተስማምቷል። ልንገረው ብዬ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ውሃ ጠየቅኩ። ሆዴ ውሃ ብቻ ሆኗል።

መጋቢት 5፣ ሰኞ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የእኔ ግን ማደሪያ የቀረው አንድ ቀን ነው።

አዲሱን ሸሚዝ እንደለበሰ እንሰቱ ውስጥ ቅጠል እያራገፈ ሳለ ሄድኩ። አባባ፣ ላሟን አይሽጡ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። የገዛሁትን የመጀመሪያውን ሸሚዝ። ኮሌታውን። ስምንታችንን። ይሄንንም እኔ አልሰፋሁትም፣ እኔ የሰፋሁት አንገትዎ ላይ ያለውን ብቻ ነው አልኩት። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ሌሎቹስ የት አሉ? አለኝ። አንዷ ወደ ቤሩት፣ አንዷ ወደ ወላይታ፣ ሌሎቹን አላውቅም አልኩት። ቅጠሉን ማራገፍ ቀጠለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ። የገበያ ቀን።

ላሟ ግንዱ ላይ እንደታሰረች ነች። አባባ አሮጌውን ሸሚዙን ለብሷል፣ ክርኑ የተቀደደውን። አዲሱ ታጥፎ ፍራሼ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ጢሙን የሚላጭበት ምላጭ።

ፍቺው አለኝ። ቤት ሲሠራ ያላየ ሰው ሲፈርስ አይቶ ይማራል አለ። ይበላሻል፣ ለፍቼ ምን ሊለብሱ ነው አልኩት። ይሄ ምን አነሰው ብሎ የለበሰውን አሳየኝ። ላሟን ሸሚዝ ስትሰፊ እሸጣታለሁ፣ እስከዚያ ወተት እንጠጣለን። ይሄን ብሎ ወደ እንሰቱ ወጣ።

ከቀኑ 9 ሰ.

በረንዳው ላይ ነኝ። ከቁልፉ ጀመርኩ። የፈታሁትን እያንዳንዱን ጨርቅ ጋዜጣ ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ፤ ከምን ጋር እንደተጋጠመ እዚህ እጽፋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንተ ወረቀቱ፣ እኔ ሌላኛው።

ቁልፍ ወጣ። እጥፋት ወጣ። ጎን ወጣ። እጅጌው አስቸገረኝ። አስቴር የስፌቷን ጫፍ እንዳይተረተር ሦስት ጊዜ መልሳ ትረግጣለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሚስ ስለተቆጣቻት። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ይበቃል እያልኩ ስቄባታለሁ። ምላጩ አልገባ አለኝ። ክር በክር ቆረጥኩት። አለቀስኩ። እጅጌው ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ክንድ ያለበት ይመስላል።

ሁሉም አለቀ። ትከሻውም ኪሱም። ኮሌታው ብቻ ቀረ። እሱን አልፈታውም። እሱን አውቀዋለሁ።