ቅሬው የጠየቀኝ ስም

ከሚሴ፣ ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ኅዳር ሲገባ የአሰላ ብርድ እንደማይምርሽ አውቃለሁና ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ ስለ እሱ ነው። ገብሱ ታጨደ? ቀይዋ ላም ወለደች? እህቴና ባሏስ ታረቁ ወይስ አሁንም ሽማግሌ እያደከሙ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። «በአካሌ» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም።

ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ላሾፍብሽ እንዳይመስልሽ። ባለፈው የላክሽልኝን ደብዳቤ ሳይ እያንዳንዱ ፊደል ድፎ ዳቦ አክሎ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ ግን የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ሆና ልጇን በገዛ እጇ የምትገስጽ እናት ስንት አለች? ማንበብ መቻልሽ ዛሬ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን ደብዳቤ በርሽን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለሰፈር ልጅ እንዳትሰጪ። በፖስታ ያልላክሁትም እየከፈቱ ስለሚያዩት ነው። የሚያመጣልሽ ሲራጅ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ምሳ አብይው፣ ሥጋ ግን አታቅርቢለት፣ እስላም ነው። አንድ ከባድ ነገር ልለምንሽ ነው። ልጅ እናቱን በደብዳቤ የሚለምነው ነገር አይደለም፤ ግን ከአንቺ ሌላ ማንም የለኝም።

ስሄድ የአጥሩ በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝ አልተረሳኝም። «የአባትህን ሃይማኖት ጥለህ በሰው አገር ስትንከራተት ብትሞት ማን ይቀብርሃል?» ነበር ያልሽኝ። እኔ ወጣት ነኝ፣ መልስ አላጣም፣ ጥቅስ ጠቀስኩልሽ። ጀርባሽን ሰጠሽኝ። አጠገቤ የቆመው የጎረቤታችን ልጅ በዳዳ ግን መንገድ ላይ «እናትህ እኮ ልክ ናቸው» አለኝ።

በዳዳን አልወደድሽውም። እናቱን ደግሞ ጭራሽ ጠላሻት። በእሷ ቤት ሲጸለይ ነው ልጄ የጠፋብኝ ብለሽ፣ ከግቢያችን ወደ ግቢዋ የሚያስገባውን መሹለኪያ በእሾህ ዘጋሽባት። እሳት መጫጫር ቀረ፣ ሰላምታም ቀረ። እኛ ሁለታችን ግን አንድ ላይ ተላክን። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ ሽማግሌዎቻችን ወጣቶቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በየአገሩ ሲበትኑን፣ ለእኛ ከሚሴ የደረሰችን ኦሮምኛ ስለምንችል ነው። ሁለት ዓመት አገልግለን ልንመለስ። በዳዳ የስፌት መኪናውን አሸክሞኝ መጣ። ለቀበሌውም ለሰዉም ልብስ ሰፊዎች ነን። እኔ እንኳ ከቁልፍ መትከልና በከሰል ካውያ ከመተኮስ ሌላ የማውቀው የለም፤ ካውያውም ቢሆን የአንድ ሼህ ቀሚስ አቃጥዬበታለሁ።

የከሚሴ ሰው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ ለክፉ ሰው ተዘጋጅተን ነበርና። ከመኪናው አጠገብ ተቀምጠው ልብሳቸውን ሲጠብቁ ስለ ጌታ እናወራቸዋለን፤ ረጋ ብለው ይሰሙናል። ሲያልቅ «ማሻአላህ፣ እኛም እኮ ነቢዩ ዒሳን እንወዳለን፣ ለልጆቹ ሻይ ጨምሩላቸው» ይላሉ። በቃ። አንድም ሰው አላመነም፣ አንድም ሰው አልተቆጣንም። የቤታችን ባለቤት እትዬ ዙበይዳ በየበዓሉ ምግብ ትልክልናለች፤ ሥጋ የነካው ግን አትልክም። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ታውቃለችና ልታስቀይመን አትፈልግም። እኛ እኮ እንበላ ነበር! ግን እንበላለን ብንል «ታዲያ የምን ክርስቲያን ናችሁ?» ሊመጣ ነው። በአረፋ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ሲጠብስ እኔና በዳዳ ሽሮአችንን ይዘን ተያይተን የሳቅነውን ሳቅ መቼም አልረሳውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ አገር ቅሬ የሚሉት አለ፤ እኛ ዕድር የምንለው ነው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ከየቤቱ አንድ ወንድ ዶማውን ይዞ ይወጣል። እኛ የማንም ቅሬ አልነበርንም። ግን ሰው ሲሰበሰብ ቀበሌው ፈቃድ የማይጠይቅበት ቦታ ቀብር ብቻ ስለነበረ፣ እዚያ የምንናገርበት ዕድል እናገኛለን ብለን ጡሩንባ በሰማን ቁጥር እንወጣ ጀመር። መቼም መናገር አልሆነልንም። ያለቀሰ ሰው ፊት አፍ አይከፈትም። ባዶ እጃችንን ላለመቆም አፈር ዛቅን፣ ቃሬዛ ተሸከምን። በዳዳማ ከፈን የሚሉትን የመግነዙን አቡጀዲ እየለካ ይቆርጥላቸው ነበር፤ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። ሲመለስ «ዛሬም ሳንሰብክ መጣን» እያለ ያዝናል። ለሽማግሌዎቻችን የምንጽፈው ወሬ አጥተን ነበር።

መስከረም ሲያልቅ በዳዳ የስፌት መኪናውን ይዞ ጨፋ ሮቢት ገበያ መውረድ ጀመረ። እዚያ ሥራ አለ፤ ግን ረግረግ ነው፣ ውኃው ሲጎድል ወባው ይነሳል። አንድ የገበያ ቀን እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ክኒን ሰጡት፣ ተሻለው፤ ደግሞ ጣለው። ሲቃዥ በእናቱ ቤት ያለ እየመሰለው «መሹለኪያው ተከፍቷል?» ይለኝ ነበር። ተከፍቷል እለዋለሁ።

እናቴ፣ በዳዳ ሞተ። ጎህ ሲቀድ፣ እጁ እጄ ላይ እንዳለ ሞተ። ይህን ቃል እስካሁን ለአንድም የአገሬ ሰው አልተናገርኩትም። መርዶ በወረቀት እንደማይላክ አውቃለሁ፤ የምጽፈው ለእሱ እናት ሳይሆን ላንቺ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንቺ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ፊት ለፊቴ ቆመ። መጀመሪያ የክርስቲያኖቹ መቃብር ወዳለበት ሄድኩ። ማተቡን ጠየቁኝ፤ አንገቱ ባዶ ነው። አልሰደቡኝም፣ ብቻ አይሆንም አሉኝ። ቀጥዬ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎም አላየኝ፤ ዘመድ ከሌለው ማዘጋጃ ቤት ያነሳዋል አለኝ። ማዘጋጃ ቤት የሚያነሳውን ሬሳ የት እንደሚያደርጉት አይቻለሁ፤ አልነግርሽም። ወደ ቤት ዞርኩ። ምን ይዤ ነው የምገባው?

መንገድ ላይ ሳለሁ ጡሩንባ ሰማሁ። ሌላ ሰው የሞተ መሰለኝ፣ እንዲያውም በልቤ «ዛሬስ አልሄድም» አልኩ። ቤት ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ዶማ ያልያዘ የለም። እትዬ ዙበይዳ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ጡሩንባው የተነፋው ለበዳዳ ነበር።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሀመድኑር ናቸው፤ ቀሚሳቸውን በካውያ ያቃጠልኩባቸው ሰውዬ። እኛ እኮ የቅሬው አይደለንም፣ መዋጮ ከፍለን አናውቅም አልኳቸው። ተቆጡኝ። ይህ ልጅ የስንት ሙታናችንን ከፈን ቆርጧል፣ አንተስ ቃሬዛችንን ስትሸከም አልነበር፣ ቅሬ በእግር ነው እንጂ በወረቀት ነው ያለህ ማነው አሉኝ። የማሽላቸው ዳር፣ አንድ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቦታ ሰጡን። ከእስላሙ መቃብር ያላስገቡት ንቀው አይደለም፤ የእናንተንም የእኛንም ደንብ አላበላሽም ነው ያሉት።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ቅሬው ወገን የሌለውን ሬሳ ቢያነሳ ቀበሌው ነገ ይጠይቃቸዋል። ሼሁ ዝቅ ብለው በኦሮምኛ «ኦቦሌሳ ኬቲ?» አሉኝ፤ ወንድምህ ነው ወይ ማለታቸው ነው። «ኤዬ»፣ አዎ፣ አልኩ። ሰባኪ ነኝ፣ ውሸት አልናገርም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ያን ጊዜ ግን ውሸት የተናገርኩ እንኳ አልመሰለኝም። በአባት ስም እንደማንገናኝ ልብሱን ያሰፋ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በእናት ናችኋ አሉ፤ እዚህ ደግሞ ለሟች ዱአ ሲደረግ በእናቱ ስም ነው የሚጠራው። «የእናታችሁ ስም ማነው?» አሉኝ።

የአንቺን ስም ነገርኳቸው።

የእሱ እናት ስም አልጠፋኝም። ወንድሜ ነው ካልኩ በኋላ የማውቃት እናት አንድ ሆነች፤ ሌላ ስም ከአፌ አልወጣም። ከፈኑን እኔ ቆረጥኩት። በእሱ መቀስ፣ በእሱ ሜትር፣ አጣምሜ ቆረጥኩት፤ ቢያይ ኖሮ ይነጥቀኝ ነበር። እኔ በዝቅታ ጸለይኩ፣ እነሱ ዱአ አደረጉ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ስምሽን እየጠሩ «ሰብሩን ይስጣት፣ ያረብ፣ ያች እናት ልቧን ይጠግንላት» አሉ፤ ሰብር የሚሉት ትዕግሥትን ነው። እዚያ ቆሜ ስምሽን ስሰማ ነው እንባዬ የመጣው። አንቺ ያን ሰዓት ከገብሱ ማሳ ሆነሽ ይሆናል፤ የማታውቂያቸው የከሚሴ ሴቶች ልጅ ሞተባት ብለው አለቀሱልሽ።

ከዚያ ወዲህ ብቸኛ ነኝ፣ እናቴ። አልደብቅሽም። ሰው ሞልቶኝ ብቸኛ ነኝ። በዳዳ ሲሰፋ እግሩ የሚመታው ድምፅ ቤቱን ይሞላው ነበር፤ አሁን መኪናው ላይ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። አንድ ነገር አይቼ ልነግረው ዞር እላለሁ። ጸሎትም ሁለት ሆነን ነበር የለመድኩት፤ እኔ ስጀምር «አሜን» የሚል ስለሌለ መሐል ላይ አቆማለሁ። የእትዬ ዙበይዳ ትንሿ ልጅ አስያ ምሳ ስታመጣልኝ ሳልጨርስ አትሄድም፤ ብቻውን አይብላ ተብላ መታዘዟን አውቃለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የበዳዳ እናት ልጇ እየሰፋ ነው ብላ ተቀምጣለች። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈልግም፣ ከሩቅ ሰው እንድትሰማውም አልፈልግም። ሽማግሌዎችሽን ይዘሽ በማለዳ ሂጂ። በዋናው በር አትሂጂ። መሹለኪያው ላይ ያለውን እሾህ በእጅሽ አንሺና በዚያ ግቢ። ቂምሽን አውቃለሁ፣ አትችይም ልትይ ትችያለሽ። ግን እንደ መርዶ ነጋሪ አይደለም የምትሄጂው። እዚህ አገር የእሱ እናት አንቺ ነሽ፤ መቃብሩ በስምሽ ነው የሚታወቀው። አብረሽ ልታለቅሺ ሂጂ፣ ልጅ ለሞተባት እናት ወግ ነው። ስታጽናኚያትም ያን የጠየቅሽኝን ጥያቄ መልሺላት፤ ማን ቀበረው ብትልሽ አገር ነው የቀበረው በያት። በዶማ፣ በጡሩንባ፣ በወግ።

በሲራጅ እጅ የበዳዳን ሜትር ልኬያለሁ፣ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ትንጠለጠል የነበረችውን። መርዶው ሳይነገር እንዳታሳያት፤ ካየቻት ያው ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሲልኩን፣ ብቻውን የቀረ እንዳይቆይ፣ ይመለስ ብለውን ነበር። ሲራጅም ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለኝ፣ ገናን አሰላ ትውላለህ ብሎኝ ነበር። ሼህ ሙሀመድኑር ግን ማሽላውን ሲያጭዱ ቁርቁራው ሥር ያለውን አንድ ክንድ ያህል ትተውታል፣ ወንድምህ ተኝቶበት እያለ እኔ አፈሩን አልነካም ብለው። በቀደም ደግሞ በቅሬው ስብሰባ ከፈን የሚቆርጠው ሰው ማነው ሲባል፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ጠማማ ነው አልኳቸው። ይቃናል አሉኝ።

ይህን ስጽፍልሽ ጡሩንባ ተነፋ። ከላይ ሰፈር ነው፣ ማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። መቀሱን ይዤ መውጣት አለብኝ፤ ሲራጅም መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛልና ደብዳቤውን በመንገዴ ልስጠው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ገብስሽን ከውርጭ፣ ልብሽን ከቂም ይጠብቅልሽ። ከሁለታችሁ ግቢ ጢሱ አንድ ላይ ሲወጣ ያሳየኝ። ለእሷም ለአንቺም ሰብሩን ይስጣችሁ፤ እዚህ እንዲህ ነው የሚባለው።

ከሁለት ወንዶች ልጆችሽ የቀረልሽ፣
ልጅሽ